ካሪ ቤቱ መርዶ የሄድን ለት

ወንድሜ መሞቱን የነገረኝ ሰው የለም።

እውነቴን ነው። ጠዋት ነበር፤ ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የእድራችን ሽማግሌ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ወንዶቹ፣ ከወንዶቹ ኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። የአፓርትመንቱ ኮሪደር እስከ ሊፍቱ ድረስ በሰው ሞልቷል። አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም። የጮኽኩት እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ነው። ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ይመጣል፤ አመጣጡን አይተህ ትረዳለህ፤ ከዚያ አብሮህ ያለቅሳል። ቃሉን የሚናገር አያስፈልግም።

ወንድሜ ሥራ ላይ እያለ ነው ልቡ ቀጥ ያለችው። ሆስፒታሉ የደወለው ለሥራ ጓደኛው ነበር፤ ተጠሪ ብሎ ያስመዘገበው እሱን ነው። ጓደኛው ማምሻውን ሰማ፤ ለሽማግሌው ነገረ፤ «ልጁ ይተኛ፤ በማታ አይነገርም» ተባባሉ። ስለዚህ ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። የዚህ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ይቆጣ ይሆናል። እኔ አልተቆጣሁም። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ለመተኛት ብዙ ወር ፈጅቶብኛል።

ከዚያ በኋላም ሁሉ ነገር በሌላ ሰው አፍ ተነገረ። እናቴን አዲስ አበባ ያረዷት ጎረቤቶቿና ንስሐ አባቷ ናቸው። እኔ ስደውል አውቃ ነበር፤ ተላቀስን እንጂ አልተነጋገርንም። ለሥራ አለቃዬ የደወለለት የእድሩ ጸሐፊ ነው። ድሮም ንግግር ላይ ደካማ ነኝ። ቃሉ እስኪመጣልኝ ሰው ሌላ ወሬ ይጀምራል። ይህን ስለሚያውቁ ነው ያገዙኝ። ግን አርባው ወጥቶ፣ ሰዉ ወደየሥራው ሲመለስ፣ አንድ ነገር ገባኝ። «ወንድሜ ሞተ» ብዬ አላውቅም። በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ ለማንም። መኪና ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ሞክሬ ነበር። «ወንድሜ» እላለሁ፤ ከዚያ መሪውን ይዤ ዝም።

በዚህ መሃል አንድ ያልሰማ ሰው ነበር። የካሪ ቤቱ ሰውዬ።

ካሪ ቤቱ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ነው፤ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ፣ በላውንድሪና በጎማ ቤት መሃል። ከውጭ ሲታይ የተዘጋ ይመስላል። መስኮቱ ላይ የተለጠፉትን የምግብ ፎቶዎች ፀሐይ በልቷቸው ዶሮውም ምስሩም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆነዋል። ውሃ ራስህ ቀድተህ ነው የምትጠጣው። ምግቡ ቦታ ቦታ በተከፋፈለ የብረት ትሪ ይመጣል፤ ሩዝ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አቻር የሚሉት ምላስ የሚያቃጥል ነገር። ማንኪያ ካልጠየቅህ አይሰጥህም። ወንድሜን የማረከው ይኼ ነበር። «እጅ ታጥቦ የሚገባበት ቤት» ይለዋል።

የኛ ሰዎች «ህንዱ ጋ» ነው የሚሉት። ሰውዬው ግን ኔፓላዊ ነው። ወንድሜ ይህን ካወቀ ወዲህ «ህንዱ» ያለውን ሁሉ ያርም ነበር። እሱን «ዳይ» ይለዋል፤ በቋንቋቸው ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ሰውዬው እኔን «ካንቻ» ይለኛል፤ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ማለት። እዚህ አገር ስመጣ ገና አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ወንድሜ ከኤርፖርት ሰው እያመላለሰ ውሎ ከትምህርት ቤት ይወስደኝና በቀጥታ እዚያ እንሄዳለን። ቤታችን ውስጥ ወጥ የሚሠራ አልነበረም። ስለዚህ ያደግኩት እዚያ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ወዳጅነታቸው የጀመረው በጠብ ነው። አርብ ቀን ነበር። ወንድሜ ትሪው ፊቱ ከቀረበ በኋላ «ቅቤ አለው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው ደረቱን ነፍቶ «ብዙ!» አለ።

ወንድሜ እጁን ከትሪው ላይ አነሳ።

«ምን ሆንክ? ጥሩ ቅቤ ነው። ራሴ ያነጠርኩት።»

«ጾም ነው። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም።»

«ዛሬ ብቻ?»

«ረቡዕና አርብ። ከዚያ ደግሞ ፋሲካ እስኪመጣ ሁለት ወር ገደማ።»

ሰውዬው ዞሮ ባለቤቱን ከማድ ቤት ጠራት። መጥታ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ቆመች። እሱ በኔፓልኛ የሆነ ነገር አላት፤ እሷም ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አየችውና ሳቀች። በኋላ ስንጠይቀው «ይኼን ሰው እይው፣ ለሁለት ወር ቅቤ ሳይበላ እንዲህ ወፍሯል አልኳት» አለን። በሚቀጥለው አርብ በዘይት ብቻ የተሠራ ምስርና ሽምብራ ለብቻው በሌላ ድስት ሠርቶ ጠበቀን። ወንድሜ ኤርፖርት አብረውት ለሚሠሩት ሾፌሮች ነገረ። ሾፌሮቹ ለሾፌሮች ነገሩ። ረቡዕና አርብ ቤቱ በኛ ሰው መሙላት ጀመረ።

እንግዲህ ጥያቄው ይኼ ነው። ያ ሁሉ ሾፌር እዚያ ይበላል፤ ሁሉም ለቅሶ ደርሷል፤ ግማሾቹ አስከሬኑን ተሸክመዋል። ታዲያ ሰውዬው እንዴት አልሰማም? መልሱን እኛ ብቻ ነን የምናውቀው። መርዶ እንደ ዋዛ አይወረወርም። የሚነግር ሰው አለው፤ ሰዓት አለው። ሰውዬው «ጓደኛችሁ የት ጠፋ?» ባለ ቁጥር እያንዳንዱ ሾፌር «ይኼን መንገር የኔ ቦታ አይደለም፤ ቤተሰቡ ይንገረው» ብሎ ያስብና «አለ፣ አለ» እያለ ያቀረቅራል። ቤተሰቡ ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ እግሬን ወደዚያ ማንሳት አቅቶኛል።

አንድ ቀን ሃቫና ጎዳና ላይ መብራት ይዞኝ ቆሜያለሁ። ወደ ሥራ እየሄድኩ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ታማሚ በዊልቸር አመላልሳለሁ። ከጎኔ ያለች ቫን ጥሩምባ ነፋች። ዞር ስል ሰውዬው ነው። መስኮቱን አወረደ። እኔም አወረድኩ።

«ካንቻ! የት ነህ? ወንድምህስ?»

አፌን ከፈትኩ።

«ያ ረጅሙ ጾማችሁ ደርሷል አይደል? ሾፌሮቹ ነገሩኝ። ና በለው። አዲስ ድስት ገዝቻለሁ በለው! አዲስ!»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው ሰው ጮኸብን። ሰውዬው እጁን አውለብልቦ ወደ ግራ ታጠፈ። እኔ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። የምታጠፍበትን አልፌ ብዙ ከተጓዝኩ በኋላ ነው የነቃሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌውን በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ አገኘኋቸው። ሁላችንም «አባባ» ነው የምንላቸው። እዚህ አገር ብዙ የኖሩ ናቸው፤ በዴንቨርና በአውሮራ የእሳቸውን እግር በማለዳ ደጃፉ ላይ ያላየ ሐበሻ ጥቂት ነው። ከእሳቸው ጋር የወንድሜ ጓደኛ ቆሟል፤ ሆስፒታሉ የደወለለት። የአስመራ ሰው ነው፤ አማርኛውን እዚያው ትምህርት ቤት ነው የተማረው። ጋሼ እለዋለሁ። ከቀብሩ ወዲህ መኪናዬን ሳይቀር ዘይት የሚቀይርልኝ እሱ ነው።

«አባባ» አልኩ፣ «አንድ ያልተረዳ ሰው አለ።»

ደነገጡ። «ማን? ሲያትል ያለው የአጎታችሁ ልጅ?»

«አይ። የካሪ ቤቱ ሰውዬ።»

«ህንዱ?»

«ኔፓል ነው።»

ጋሼ ጭንቅላቱን ያዘ። «እስካሁን አልነገርከውም እንዴ? እኔ እኮ ባለፈው አርብ እዚያ በላሁ! ‹ጓደኛህስ?› አለኝ።»

«ምን አልከው?» አሉ አባባ።

«ቢዚ ነው አልኩት።»

«ቢዚ!»

«ምን ልበል ታዲያ? ሳምቡሳ አፌ ውስጥ ይዤ መርዶ ልንገር?»

አባባ ሳቃቸውን ዋጡና ወደ እኔ ዞሩ። ፈረንጅ እንዲህ ያለውን ነገር በቴክስት ነው የሚጨርሰው አሉ። ደግሞ ኔፓሎቹ ወጋቸው ምን እንደሆነ አናውቅም አሉ። ከዚያ መሬቱን በከዘራቸው ጫሩ።

«ወንድምህን ያበላው ነበር?»

«ሁለታችንንም።»

«እንግዲያ ወገን ነው። ወገን ደግሞ በወግ ይረዳል። አርብ ጠዋት እንሄዳለን። ቤቱን የሚከፍተው መቼ ነው?»

«ለምሳ ነው። እሱ ግን ምስሩን ለመጣድ በጠዋት ይገባል።»

«ጥሩ። ሕጉን ልንገርህ። መጀመሪያ ከእሳት ታርቀዋለህ። ቢላ ይዞ ከሆነ ታስቀምጠዋለህ። ትኩስ ነገር በእጁ አይኑር። የሚቀመጥበት ይኑር። ሌላውን እኛ እናውቃለን።»

ስንት ዓመት የሠሩበት ሥራ ስለሆነ አመንኳቸው። በውስጤም ቀለለኝ። እኔ መናገር የለብኝም ማለት ነው ብዬ ነው።

አርብ ሲደርስ በረዶ ጥሎ ነበር። ጋሼ ቫኑን ካሪ ቤቱ በር ላይ ፓርክ አደረገ። ሦስታችንም ጥቁር ለብሰናል። አባባ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበዋል። ከወረድን በኋላ እኔ መኪናው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። በሩ የተዘጋ ቢሆንም የነጭ ሽንኩርቱና የእርዱ ሽታ ውጭ ድረስ ይወጣል። ያ ሽታ ገና ከመኪና ሳንወርድ ወንድሜን ያፋጥነው ነበር፤ ቁልፉን መኪና ውስጥ ረስቶ ቆልፎ ያውቃል።

«ግባ እንጂ» አለኝ ጋሼ፣ «እኔም እኮ በርዶኛል።»

ሰውዬው በመስታወቱ አየንና በሩን ከፈተ። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ የአባባን ነጠላ፣ የጋሼን ጥቁር ክራቫት፣ እኔን አየ፤ ፈገግታው ጠፋ። «ገብቶታል» አለኝ ጋሼ በሹክሹክታ። እኔ የተነገረኝን አደረግኩ። ማድ ቤት ገብቼ ከምድጃው ላይ እሳቱን አጠፋሁ። ባለቤቱ ሊጥ እያቦካች ነበር፤ ሊጥ የያዘ እጇን ወደ ላይ አድርጋ ተከተለችኝ። ሰውዬውን ወንበር ሳብኩለት። ሰውዬው ግን ለእኛ ወንበር ሳበ። ሻይ አመጣ። ትኩስ ነገር በእጁ አይኑር ተብያለሁ፤ ኩባያውን ከእጁ ተቀብዬ አራቅኩት። አሁንም ሌላ አመጣ። እሱንም ተቀበልኩት። በመጨረሻ አራት ኩባያ ሻይ እኔ ፊት ተደርድሮ ሁላችንም ተቀመጥን።

አባባ አንገታቸውን ደፉ። ጋሼም ደፋ። ዝም አልን።

እኛ ቤት ቢሆን ይሄኔ አልቆ ነበር። እዚህ ግን ዝምታው ቀጠለ። ሰውዬው አንዴ አባባን፣ አንዴ ጋሼን ያያል። የማቀዝቀዣው ሞተር ተነሳ፤ ቆመ። ከዚያ ሰውዬው በረጅሙ ተነፈሰና «ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ» አለ።

ሦስታችንም ቀና አልን።

«ስለ ቅቤው ነው።»

አባባ እንግሊዝኛው የሳታቸው መስሏቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

«ስለ ቅቤው ነው አለ።»

«የምን ቅቤ?»

ሰውዬው አላቆመም። በነሐሴ፣ በዚያ በአጭሩ ጾማችሁ፣ እኔ አገር ቤት ሄጄ ነበር አለ። ማድ ቤቱን ለእህቱ ልጅ ትቶለት ነው የሄደው። ልጁ አያውቅም። ለምስሩ ጣዕም የሰጠ መስሎት በጾሙ ድስት ውስጥ ቅቤ ሲጨምር ከርሟል። ሰውዬው ተመልሶ ሲሰማ ልጁን ተቆጣ፤ ግን ለወንድሜ መንገር አፈረ። ዛሬ ነገ ሲል ወንድሜ መምጣት አቆመ። «የሆነ ሰው ነገረው ማለት ነው አልኩ። ሾፌሮቹን ስጠይቅ ሁሉም አንገታቸውን ይሰብራሉ፣ መሬት ያያሉ። ተቀይሞኛል አልኩ። እሱ አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ እናንተ ስትጣሉ ሽማግሌ ትልካላችሁ። ይኸው መጣችሁ። ጥፋተኛ ነኝ። ድስቱን ጥዬ አዲስ ገዝቻለሁ። ባለቤቴን ጠይቋት።»

ባለቤቱ ሊጥ በያዘ እጇ ወደ መደርደሪያው አመለከተች። ድስቱ እዚያ ነው፤ ገና የተለጠፈበት ወረቀት አልተነሳም።

«ቆይ» አለ ጋሼ በአማርኛ፣ «ፍልሰታን ሙሉ እኔም እኮ እዚህ ነው የበላሁት።»

«አንተ ዝም በል» አሉት አባባ። ከዚያ ወደ ሰውዬው ጠጋ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሚስተር» አሉ። «ሚስተር… ዘ ቦይ… ጎድ…»

ቆሙ። ያን ያህል ሰው ያረዱ ሰው ናቸው። ግን ቃሉን ተናግረውት አያውቁም፤ የሚያስፈልግበት ቤት ገብተው አያውቁማ። ይህን እሳቸውም ከእኔ እኩል ያዩት መሰለኝ። ጋሼን አዩት። የዚያ ሁሉ ቀልድ ባለቤት ክራቫቱን እያላላ መስኮት መስኮቱን ያያል። አባባ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ።

«የሟች ወንድም መርዶ ሲናገር አይቼ አላውቅም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ግን ሰውዬው በማይሆን ነገር እየተቃጠለ ነው። ንገረው፣ ልጄ።»

ሰውዬው እኔን ያያል። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ወንድሜ» አልኩ።

ሁልጊዜ የምቆምባት ቦታ ናት። እዚያው ቆምኩ።

«ተቀይሟል» አለ እሱ።

«አልተቀየመም» አልኩ። ይኼ ቀላል ነበር፤ እውነት ነውና ወዲያው ወጣ። «ስለ ቅቤው አልሰማም። ስለ አንተ ክፉ ነገር አስቦ አያውቅም። ወንድሜ…» እንደገና ቆምኩ። ማንም አላቋረጠኝም። ጠበቁኝ። «ወንድሜ ሞቷል። በመስከረም መጨረሻ። ሥራ ላይ እያለ ልቡ ቆመች።»

በእንግሊዝኛ ነው የተናገርኩት። ስትወጣ ትንሽ ነገር ናት። ቤቱ አልተደረመሰብኝም። ወንበሬ ላይ ነኝ፤ ሻዩ ይጨሳል።

ሰውዬው መጀመሪያ አላለቀሰም። በጣቱ የሆነ ነገር ይቆጥራል። ከዚያ ድምፁ ወርዶ «ከቅቤው በኋላ ነው» አለ። «ጾሙን በኔ ቤት አፍርሶ ነው የሞተው።»

ለአባባ ተረጎምኩላቸው። ቀና አሉ። እንግሊዝኛ ፍለጋ አልሄዱም፤ ዓይን ዓይኑን እያዩ በአማርኛ ተናገሩት። «ሳያውቅ የበላ ጾሙ አልፈረሰም። ንገረው። አንዲት ቀን አልጎደለችበትም። ያንተም ጥፋት አይደለም። ልጁም አያውቅም፤ እሱም አያውቅም። እግዚአብሔር ድስት አይፈትሽም በለው።»

አንድ በአንድ ነገርኩት። ያኔ ነው የወጥ ቤቱን ፎጣ ፊቱ ላይ አድርጎ ያለቀሰው። አባባ ይሄኛውን ያውቁበታል። ተነስተው ትከሻውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያሉ። ሰውዬው ቃሉን ከሾፌሮቹ ለምዶት ነበርና «አይዞህ» ብሎ መለሰላቸው። ባለቤቱ መጥታ እኔን አቀፈችኝ፤ የካፖርቴ ጀርባ ሁለት የሊጥ መዳፍ ታተመበት።

ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው ልብሴን እያየ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ያን ለት መብራቱ ላይ ጥቁር ለብሰህ አይቼሃለሁ። የሆነ ሬስቶራንት አስተናጋጅ ሆኖ ገባ አልኩ። እኛ ለሐዘን ነጭ ነው የምንለብሰው። አባቴ ሲሞት ዓመት ሙሉ ነጭ ለበስኩ።»

ጋሼ ወደ አባባ ነጠላ ጠቆመ። «እንግዲያ ከኛ ውስጥ በትክክል የለበሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ሰውዬው ፎጣው ውስጥ ሆኖ ሳቀ።

የተረዳ ሰው ብቻውን አይተውም። ይኼም ሕግ ነው። ሰውዬው ዛሬ አልከፍትም አለ፤ ባለቤቱ ግን አርብ እንደሆነ፣ ሰው ጾሙን ተርቦ እንደሚመጣ አስታወሰችው። ስለዚህ ቀረን። አባባ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ወገባቸው ላይ ሽርጥ አስረው፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ። ጋሼ ሩዝ አጠበ። «ይኼ ውሃ መቼ ነው የሚጠራው?» እያለ ያጉረመርማል። ባለቤቱ ሦስተኛ ጊዜ ሲደፋው እጁን ያዘችው፤ ግማሹን ሩዝ አብሮ እየደፋ ነበር። እኔ ከአዲሱ ድስት ላይ ወረቀቱን በጥፍሬ ላጥኩ። ሙጫው አስቸገረኝ። ሰውዬው ዘይት አሳየኝ፤ በዘይት ሲታሽ ይለቃል። ጎን ለጎን ቆመን ሠራን። በዚያ መሃል ስለ ቀብሩ ጠየቀኝ። የት እንደሆነ፣ ማን እንደነበረ፣ እናቴ እንዴት እንደሆነች። ለእያንዳንዱ መለስኩ። ቀስ እያልኩ ነው፤ ግን መለስኩ። አንዱን ከተናገርክ ሌላው ከኋላው ይመጣል።

በምሳ ሰዓት ሾፌሮቹ መግባት ጀመሩ። የመጀመሪያው በሩን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። የሰውዬው ዓይን ቀልቷል፤ አባባ በሽርጥ ቆመዋል።

«ተነገረው?» አለ በአማርኛ።

«ተነገረው» አልኩት።

ኮፍያውን አወለቀና ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ለወራት ሸክም ይዞ የቆመ ሰው ይመስል ነበር። ቀጥ ብሎ ወደ ሰውዬው ሄዶ በሁለት እጁ ጨበጠው። «እግዜር ያጥናህ» አለው። ከኋላው የመጣውም እንዲሁ። ሰውዬው ምን እንደሚመልስ አላወቀም፤ «ራስህን ብቻ ዝቅ አድርግ» አልኩት። እንደዚያ እያደረገ በራሱ ምግብ ቤት የወንድሜን ለቅሶ ተቀበለ።

ከዚያ ቤቱ ጮኸ። እንዴት ልበል፣ ሾፌሮቹ ለወራት እዚያ ሲበሉ ወንድሜን አላነሱትም፤ ሰውዬው እንዳይሰማ ብለው ስሙን እንኳ ሲጠነቀቁ ነበር። አሁን ሁሉም በአንድ ጊዜ ጀመሩ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ የሚያወራው፤ አንዲት መንገደኛ ረስታ የወረደችውን ድመት ይዞ የዞረበት ቀን። የማላውቃቸው ወሬዎች ናቸው። እኔ ወንድሜን ሙሉ በሙሉ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ያቺ ድመት ሁለት ቀን ቤታችን ሰንብታ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከየት እንደመጣች ግን አልነገረኝም ነበር።

ሰውዬው በየትሪው ምስር እየጨመረ ተራውን ያዘ።

«ወንድማችሁ» አለ፣ «ሐበሻ የሚመስል ሰው በገባ ቁጥር ‹ጾም?› ብለህ ጠይቅ አለኝ። እሺ አልኩ። አንድ ቀን አንድ ረጅም ሰውዬ ገባ። ‹ጾም?› አልኩት። ‹ዛሬ? ረመዳን ገና ነው!› አለኝ። ሶማሌ ነው። ‹አውቃለሁ፣ ግን አርብ ነው› አልኩት። ሥጋ ቢለኝ ሽምብራ ሰጠሁት። ዶሮ ቢለኝ ምስር ሰጠሁት። ወንድማችሁ እዚያ ጥግ ተቀምጦ ያየኛል፤ አንድ ቃል አይናገርም፤ እንባው እስኪወርድ ይስቃል!»

ጋሼ ጠረጴዛውን መታ። አባባ ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከጎማ ቤቱ ለምሳ የገባው ሜክሲኳዊ ሠራተኛ ምኑም ሳይገባው አብሮን ሳቀ፤ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ስለ ማን እንደምናወራ ጠየቀኝ።

«ስለ ወንድሜ» አልኩት። «ሞቷል። እዚህ ይበላ ነበር።»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እንደዚህ የሚስቁለት ሰው ደህና ሰው ነበር ማለት ነው» አለኝና ወንበሩን ወደኛ ሳበ።

ትሪዬ ፊቴ ነበር። ሩዙን በምስሩ ለወስኩና በጣቴ ሰብስቤ ጎረስኩ። አቻሩ አቃጠለኝ። ሁለተኛ ጎረስኩ። ሾፌሮቹ ሌላ ወሬ ሊጀምሩ ሲሉ እኔ «አንድ አለኝ» አልኩ።

ድምፄ ያን ያህል ከፍ አላለም፤ ጋሼ ግን ሰማ። «ዝም በሉ!» አለ፣ «ትንሹ ሊናገር ነው!» ወንበሮች ዞሩ። ሰውዬው ጭልፋውን እንደያዘ ቆመ። ባለቤቱ ከማድ ቤቱ መስኮት አንገቷን አወጣች።

«እዚህ በመጣሁ ሰሞን ነው» አልኩ። «በረዶ አይቼ አላውቅም። ወንድሜ…»

ቃሉ ጠፋብኝ። ፈለግኩት። ማንም ሌላ ወሬ አልጀመረም። ውጭ በረዶው ከጣሪያ እየቀለጠ ይንጠባጠባል።

«ወንድሜ አካፋ ሰጠኝና» አልኩ፣ «የኛ ነው ብሎ የሰው መኪና አስጠረገኝ።»